ሀውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን የወንድ ዘፈን ነው ያለው ማነው?

ጊታር አስተምራለሁ፣ ኤ ማይነርና ሲ የሚባሉትን ኮርዶች የያዘ ተማሪ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይሄን ዘፈን ነው። ይጠይቅ፣ ለጣት ልምምድ አሪፍ ነው፣ የሰለቸኝ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው።

"የዘ አኒማልስ ነው።" አይደለም። እነዚህ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የቀዱት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፣ አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈን ተጫዋች ክላረንስ አሽሊና ጓደኛው ግን በ1933 በሸክላ አስቀርጸውታል፣ ማን እንደደረሰው አይታወቅም፣ የሕዝብ ነው።

"ቦብ ዲላን ጻፈው።" አልጻፈውም፣ በ1962 አልበሙ ላይ የተጫወተበት አሬንጅመንት (የዜማው አቀነባበር) ራሱ የኒውዮርኩ ፎክ ዘፋኝ የዴቭ ቫን ሮንክ ነው።

"ዘፈኑ ላይ የተጠራው ቤት እውነትም ኒው ኦርሊንስ አለ።" እዚህ ነው እዚያ ነው ይባላል፣ የተረጋገጠ የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ። አንዲት ተማሪዬ፣ ድምጿ ደግሞ ምን የመሰለ፣ "ጋሼ ይሄ የወንድ ነው፣ ሌላ ይስጡኝ" አትለኝም! በ1937 አለን ሎማክስ የሚባል የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ለኮንግረስ ቤተመጻሕፍት ሊቀዳ መቅረጫውን ይዞ ኬንታኪ ሲዞር፣ ሚድልስቦሮ ላይ ጆርጂያ ተርነር የምትባል የ16 ዓመት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ዘፈነችለት። በሷ ዘፈን ሕይወቷ የተበላሸው ሴት ልጅ ናት፣ ሰካራሙ ፍቅረኛዋ ነው፣ ታናሽ እህቴን እንደኔ እንዳትሆን ንገሩልኝ ትላለች። ሎማክስ በ1941 መጽሐፍ ላይ አወጣው፣ ከዚያ የኒውዮርክ ፎክ ዘፋኞች ተቀባበሉት፣ ዲላን እንኳን ወንድ ሆኖ የዘፈነው በሴት አንደበት ነው። አኒማልስ ናቸው ሴቲቱን ወንድ፣ ፍቅረኛውን ቁማርተኛ አባት አድርገው ለዓለም ያደረሱት። እርግጥ አሽሊም በወንድ ነው የዘፈነው፣ የሕዝብ ዘፈን እንደዛ ነው፣ ያገኘው ሁሉ ለራሱ እያስተካከለ ነው የሚዘፍነው፣ ግን "የወንድ ብቻ" የሚለውን ከየት አመጣችሁት?

ስለዚህ ሴቶች፣ አትለፉት። የአኒማልሱ ኪይ (የዜማው መነሻ ከፍታ) ለድምፃችሁ ካልመጣ በኢ ማይነር ያዙት፣ ኢ ማይነር፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ መመለሻው ላይ ቢ ሰባት፣ ያ ጣት የሚሰብር ኤፍም ይቀርላችኋል። ቀኝ እጅ ላይ አትቸኩሉ፣ ስድስት ስድስት እየቆጠራችሁ ባሱን በአውራ ጣት፣ ሌላውን አንድ በአንድ ልቀቁ፣ በቺክቺካ ላደገ ጆሮ ስድስት መቁጠር ምኑ ይከብዳል። እና እባካችሁ ከአኒማልስ በፊት የጆርጂያን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ፣ ጊታር እንኳን የለውም፣ ልጅቷና ድምጿ ብቻ።