የሐዋሳን ዜናና ባህል የሚዘግቡ ባልደረቦች

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የከተማዋን ዜናና ባህል በኢንተርኔት የሚያቀርቡ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዋና አዘጋጅ፣ በጥቂት ዘጋቢዎችና በአንድ ፎቶ አንሺ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ዘጋቢው ጠዋት ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የትራንስፖርት ወሬ ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ቀደም ሲል ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች የዘገባው ሥራ በዋናነት የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ነበር። ለዛሬዎቹ ቡድኖች የሰው ኃይል ምንጭ ከሆኑት አንዱ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ነው።

የአንድ ቡድን ብቃት የሚለካው ግን በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን ነው። ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ ዕለቱን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው። ስለዚህ አዘጋጁ እንደ መስቀል ወይም እንደ ጥምቀት የዓመቱን ዕቅድ ቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር አይችልም፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግንኙነት ያለው ባልደረባ ያስፈልገዋል። የበዓሉ አፈ ታሪክ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ስለምትመጣ፣ ጎረቤትም አብሮ ስለሚቋደሰው ያገባች ሴት ይተርካል። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉ ዛሬም የሚቀርብላቸው ይኸው ምግብ ነው። ፎቶ አንሺዎች በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ላይ የሚታየውን ጭፈራ ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም የጎሳ መሪዎች ትጉ፣ አረጋዊን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ እያሉ የሚሰጡት ምክር ያልገባበት ዘገባ የበዓሉን ግማሽ ያስቀራል። ይህን ምክር በወጉ ለማቅረብ ሲዳምኛ የሚያውቅ ዘጋቢ ግድ ይላል። ሲዳምኛ በላቲን፣ አማርኛ በፊደል ስለሚጻፍ አዘጋጁ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት የጽሕፈት ሥርዓት ያስተናግዳል። እዚህ ላይ ቋንቋ አዋቂ ከካሜራ ይበልጣል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ የበዓሉ ታዳሚ ከሩቅም ስለሚመጣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ዜናውም ራሱን በራሱ ይጽፋል ማለት ይቻላል።

ከተማዋ እንዴት ተቆረቆረች የሚለው ጥያቄ አዘጋጆችን ያከራክራል። ብዙዎቹ ጽሑፎች በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በራስ መንገሻ ሥዩም አስተዳደር ወቅት መመሥረቷን ይገልጻሉ። ሥፍራው ከዚያ በፊት አዳሬ ይባል እንደነበር የሚናገሩም አሉ፤ ስሙ ዛሬ በአዳሬ ሆስፒታል ይታወሳል። የማዘጋጃ ቤቱን ዘመን ከ1952 መጀመር ያስኬዳል፤ ነዋሪ ያልነበረው ምድር አስመስሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው።

በሕግ በኩል የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ብሮድካስተሮች ፈቃድ እንዲያወጡ፣ የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃን ደግሞ እንዲመዘገቡ ይደነግጋል።

የስፖርት አምድ ብዙ አንባቢ ይስባል፤ ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ክለብ ሆኗል፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደግሞታል። ሲዳማ ቡናም በዚያው ሜዳ ደጋፊ ስላለው፣ ሁለቱ በተገናኙ ቀን የስፖርት ዘጋቢው የትኛውን ክለብ ይደግፋል የሚለው ጥያቄ ከውጤቱ እኩል ይነሣል።