ካቫ ምንድን ነው? ከየትኛው ምግብስ ጋር ይስማማል?

ካቫ የስፔን አረፋማ ወይን ጠጅ ነው። አብዛኛው የሚመረተው በካታሎኒያ፣ ከባርሴሎና ብዙም በማይርቀው በፔኔዴስ አካባቢ ሲሆን እምብርቱ ሳን ሳዱርኒ ዳኖያ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ካቫን የሚያውቀው በድግስ ማብቂያ ላይ፣ ኬክ ሲቆረስ ነው። እኔ ግን ካቫ ያለ ቦታው ገብቷል እላለሁ፤ የእሱ ቦታ ጨውና ዘይት ያለበት ማዕድ ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ይጠመቃል፤ ከዚያም ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ አረፋው እሱ ነው። ሥራውን የጨረሰው እርሾ ይሞትና ይዘቅጣል። ወይኑ ከዚህ አምቡላ ጋር ቢያንስ 9 ወር ይተኛል፤ «ሬሴርቫ» ለመባል 18፣ «ግራን ሬሴርቫ» ለመባል ደግሞ 30 ወር ያስፈልገዋል። በቆየ ቁጥር የተጠበሰ ዳቦና የለውዝ (የአልሞንድ) ጣዕም እያዳበረ ይሄዳል። በመጨረሻ ጠርሙሱ ጥቂት በጥቂት እየዞረ አፉ ወደ ታች ይዘቀዘቃል። አምቡላው አንገቱ ላይ ሲጠራቀም አንገቱ ብቻ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲነሳ የውስጡ ግፊት በረዶውን ከነአምቡላው አስፈንጥሮ ያወጣዋል።

ዘዴው የፈረንሳዩ ሻምፓኝ ዘዴ ነው። ጆሴፕ ራቬንቶስ በ1872 እ.ኤ.አ. ኮዶርኒዩ በተባለው የወይን ጠጅ ቤት በዚህ መንገድ ወይን አዘጋጀ። ከዓመታት በኋላ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የፔኔዴስን የወይን ማሳ አወደመ። ገበሬዎቹ እንደገና ሲተክሉ ለአረፋማው ወይን የሚሆኑትን ነጭ ዝርያዎች በብዛት መረጡ፤ ማካቤዎ፣ ቻሬሎና ፓሬያዳ እስከ ዛሬ የካቫ መሠረት ናቸው።

አሁን ወደ ማዕዱ። አብዛኛው ካቫ ኮምጠጥ ያለና ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ ነው፤ አረፋው ደግሞ አፍ ውስጥ የቀረውን ቅባት ይጠርጋል። ስለዚህ የተጠበሰ ካላማሪ፣ የድንችና የእንቁላል ቶርቲያ፣ ጨው የነካው ለውዝ፣ በጨው የደረቀው የአሳማ ሥጋ ሃሞን ሁሉም ይወዱታል። ከሁሉ የምመርጠው ግን በካታሎኒያ ክረምት የሚበላውን ካልሶት ነው። ይህ ረዘም ያለ ለስላሳ ሽንኩርት ነው። በደረቀ የወይን ቅርንጫፍ ነበልባል ላይ ላዩ እስኪከስል ይጠበሳል፤ ጥቁሩ ልጣጭ በእጅ ይገፈፍና ውስጡ ሮሜስኮ በሚባለው ማጥቀሻ ይነከራል። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አፍ ማውረድ ነው። ሮሜስኮ የሚሠራው ከለውዝ፣ ከተጠበሰ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት፣ ከደረቀ ቃሪያና ከወይራ ዘይት ነው፤ የማጥቀሻው ለውዝና የሬሴርቫው የለውዝ ጣዕም ሲገናኙ ሌላ ማጣፈጫ አያሻም።

ጣፋጭ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካቫ በስኳሩ መጠን ይለያያል፤ በጣም ደረቁ «ብሩት ናቱሬ» አምቡላው ከወጣ በኋላ ስኳር አይጨመርበትም፤ በሊትር ከ3 ግራም በታች ነው ያለው። «ብሩት» እስከ 12 ግራም ይፈቀድለታል። ስፔናውያን በገና ከሚበሉት የማርና የለውዝ ጣፋጭ ከቱሮን ጋር ብሩት ናቱሬ ከቀረበ ወይኑ ይመርራል፣ ይኮመጥጣል፤ ጥፋቱ ግን የወይኑ አይደለም። ለዚያ ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር ያለው «ሴሚ ሴኮ» ወይም ከዚያም የሚጣፍጠው «ዱልሴ» አለ። በርበሬ ከበዛበት ምግብ ጋርም ደረቁን አልመክርም፤ አረፋው ማቃጠሉን ያባብሰዋል።

ወጣቱ ካቫ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀርባል። ግራን ሬሴርቫ ግን ያን ያህል ከቀዘቀዘ ለወራት ያጠራቀመው ጣዕም ይታፈናል። ቅዝቃዜውን ቀነስ አድርጋችሁ፣ እስከ 10 ዲግሪ፣ ሆዱ ሰፋ ባለ የወይን ብርጭቆ ቅዱትና ከተጠበሰ ዶሮ ወይም ፓኤያ ከሚባለው የባሕር ምግብ ካለበት የሩዝ ምግብ ጋር አቅርቡት።