ሸክላ ሠሪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በአንድ ምድጃ

የከሰል ምድጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። እጀታውን ይነቀንቃል፣ መሬት ላይ አስቀምጦ እግሩ መወላገድ አለመወላገዱን ያያል። ሙቀቱን የሚይዝለት ሸክላ ግን ውስጥ ነው ያለው። ይህ ዕቃ የሁለት ባለሙያ ሥራ ነው። ጭቃው የሸክላ ሠሪዋ ነው፣ ላሜራው የቀጥቃጩ።

ሸክላና ብረት ጎረቤት ሆነው የኖሩት ከጥንት ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። ማረሻውም ጀበናውም ከአንድ ቤት ይወጣል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ባጓጓዙት ዘመቻዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

አዲስ አበባ ላይ የሸክላ ስም ሲነሳ ቀጨኔ ነው። እንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ብዙዎቹ ወንዶች ደግሞ ሸማኔዎች ናቸው። የመጡት ከጎንደር ነው የሚሉ አሉ፣ ከቤተ እስራኤል የሚያዛምዷቸውም አሉ። ብዙ ቤተሰቦች ራሳቸው ከሰሜን ሸዋ እንደመጡ ይናገራሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። የሚገርመው፣ «ቡዳ» እያለ የሚሸሻቸው ሰው እነሱ በሠሩት ጀበና ቡናውን መጠጣት አልተወም።

ሁለቱ ሙያዎች አንድ ዕቃ ላይ በደንብ የተገናኙት በላቀች ምድጃ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የከሰል ማንደጃ ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር፤ ሙቀቱ በጎን እየወጣ ያልቃል። ኬንያውያን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ተነስተው ሸክላ የለበሰውን ጂኮ ሠሩ። የእኛ የኢነርጂ ባለሙያዎች ደግሞ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያንን ለአገራችን ድስትና አበሳሰል አስተካክለው ላቀች አሉት። ከቀድሞው ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተብሎ ነው የተዋወቀው። ይህ ቁጥር የሚሠራው በልኩ ለተሠራው ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ሸክላ ጣል የተደረገበት ሁሉ ላቀች ይባላል፣ የሸክላውን ውፍረት ግን ማንም አይለካውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውኃ አርሳ ታሽዋለች። ጭቃው ሲደርቅም ሲቃጠልም ይኮማተራል። ስለዚህ ከሚፈለገው ልክ ሰፋ አድርጋ ነው የምትሠራው፤ ሁሉም ሸክላ እኩል እንዲወጣ ቅርጽ ማውጫ የሚጠቀሙ አሉ። ግርጌውን አመድ እንዲወርድና አየር እንዲገባ ትበሳዋለች። ቀዳዳው ከጠበበ ከሰሉ ይታፈናል፣ ከሰፋ ፍሙ ቁልቁል ይወርዳል። ቀጥቃጩ በበኩሉ አሮጌ በርሜል ወይም ላሜራ ቆርጦ ይጠቀልላል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው የመዶሻውን ድምፅ ያውቀዋል። ከታች የአየር በር ያወጣለታል፣ ከላይ ድስት ማስቀመጫ ይሠራለታል። ሸክላው ውስጥ ሲገባ በመሃል ትንሽ ክፍተት ይቀራል፣ እሱም አመድና ስሚንቶ በመሰለ ነገር ይሞላል። ብረት ሲግል ከሸክላ በላይ ስለሚሰፋ፣ ያለዚህ ማሰሪያ ሸክላው ይላላል፤ ከላላ ደግሞ አንድ ቀን ምድጃው ተነስቶ ሲቀመጥ ስንጥቅ ይላል። ሰው ታዲያ ሸክላ ሠሪዋን ይወቅሳል!

ምርጥ የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ የእንጨት ምድጃም በዚያው ዘመን የመጣ ነው። ከስሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ተሠርቶ የሸክላ ምጣድ ይቀመጥበታል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል ይባላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስተኛ ሰው ይጨምራል። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን ትሠራና ሆዱ ላይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ ታወጣለታለች። ኤሌክትሪሺያኑ የሬዚስታንስ ሽቦውን በዚያ ቦይ ያስገባል። ቆርቆሮ ሠሪው ገላውንና አክንባሎውን ይሠራል፣ ከሥር ሙቀት እንዳይወርድ ጄሶ ይሞላል። አንዱ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እዚህ ላይ ሥራው ያለው ቦዩ ላይ ነው፦ ጥልቀቱ አንድ ወጥ ካልሆነ እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው ሊጥ ይሆናል።

ገንዘቡ ላይ ግን ሸክላ ሠሪዋ ብዙም አትታይም። ዕቃው ተገጣጥሞ የሚሸጠው ብረቱን በሚሠራው ሰው ሱቅ ነው፣ ደንበኛም የሚያውቀው እሱን ነው። በኔ ግምት ሸክላው ላይ ማኅተም ቢደረግበት ብዙ ነገር ይቀየር ነበር።

የምጣዱ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሁሉም አይጣልም። ሸክላው ለብቻው ይሸጣል፤ ጠጋኙ ሽቦውን አውጥቶ ወደ አዲሱ ያዛውረዋል፣ ቆርቆሮው እንዳለ ይቀራል። አዲሱ ሸክላ በጎመን ዘር በደንብ መሟሸት አለበት፤ ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው አልነሳም ይላል።