የቴሌስኮፕ የፀሐይ ፊልተር ምንድን ነው?

የፀሐይ ፊልተር በቴሌስኮፕ አፍ ላይ እንደ ክዳን የሚገጠም፣ ከፀሐይ ብርሃን ከ100,000 እጅ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ መከለያ ነው። ማታ ማታ ጨረቃና ፕላኔት ለሚያይ ሰው ምንም አይሠራለትም፤ ስለዚህ ቦርሳ ሥር ተወሽቆ ዓመት ሁለት ዓመት ይከርማል። ከዚያ ግርዶሽ ይመጣል፤ ልጅ አዋቂው ግቢ ውስጥ ይሰለፋል፤ ፊልተሩም እንደተጨማደደ ተመዞ፣ ማንም ሳያገላብጠው ይገጠማል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሌላ ዕቃ ሲጎዳ ምስል ይደበዝዛል፤ ይሄኛው ሲጎዳ የሚጠፋው ዓይን ነው።

ቀን ላይ የዓይናችን ብሌን ጠብቦ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። 70 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው የጀማሪ ቴሌስኮፕ የሚሰበስበው ብርሃን ይቺ ቀዳዳ ከምታስገባው ከ1,200 ጊዜ በላይ ነው። ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ ደግሞ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም፤ ሲቃጠል አያምም። ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ፣ ሊያነብ ሲሞክር መሀሉ ላይ ጨለማ ነጥብ ሲጋረጥበት ነው።

ፊልተሩ በሁለት መልክ ይመጣል፦ ብረት የተቀባ መስታወት ወይም እንደ ፌስታል የሳሳ ብርማ ፊልም። ከፊልሞቹ በጣም የታወቀው ባደር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው አስትሮሶላር ነው፤ ፀሐይን ነጭ አድርጎ ያሳያል። ከጥቁር ፖሊመር (ፕላስቲክ) የተሠሩት ብርቱካናማ ያደርጓታል። ቀለሙ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የጥግግት ቁጥር ነው። 5 የሚለው ለዓይን ነው። 3.8 የሚለው ግን ለካሜራ ብቻ የተሠራ ሲሆን ከመጀመሪያው 16 እጥፍ ያህል ብርሃን ያሳልፋል። ከማሸጊያቸው ከወጡ በኋላ ሁለቱን በመልክ መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የተረፈውን ቁራጭ ቁጥሩን ጽፋችሁበት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት።

ቦታው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው፤ ብርሃኑ ቱቦው ውስጥ ሳይገባ መቆም አለበት። በድሮና በርካሽ ቴሌስኮፖች ሳጥን ውስጥ አንዳንዴ አይፒሱ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስ) ሥር የምትጠመዘዝ፣ «ሰን» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ጥቁር መስታወት ትገኛለች። የፊት ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ትግላለች፣ ሳታስጠነቅቅ ትሰነጠቃለች፣ በስንጥቁ የሚገባው ብርሃንም ተመልካቹ ቀና እስኪል አይጠብቅም። ለማንም አትስጧት፤ በመዶሻ ሰባብራችሁ ጣሏት። ከኋላ የሚገጠም ሆኖ አስተማማኝ የሆነ ዕቃ አብዛኛውን ብርሃን ከዓይን የሚያርቀው የሄርሸል ፕሪዝም ነው፤ እሱም በሌንስ ለሚሠሩ ቴሌስኮፖች ብቻ ነው፣ በመስታወት ለሚሠሩት አይሆንም።

የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጭስ የጠቆረ ጠርሙስ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነጽር አንዳቸውም ምትክ አይሆኑም። የሚታየውን ብርሃን ቢያደበዝዙም የማይታየውን የሙቀት ጨረር ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ «ዓይኔን አላጭበረበረኝም» ማለት ማስረጃ አይደለም። ቁጥር 14 የበያጅ መስታወት ለባዶ ዓይን ይሆናል፣ ቴሌስኮፕ ላይ ግን ምስሉን ያበላሸዋል። አይኤስኦ 12312-2 የሚለው የዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር የተጻፈበት የግርዶሽ መነጽርም ለባዶ ዓይን ብቻ ነው። እሱን አድርጎ ፊልተር የሌለው ቴሌስኮፕ ላይ ማጎንበስ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን በስቶት ያልፋል።

ፊልሙን ገዝቶ ክዳኑን ቤት መሥራት ይቻላል። ኤ4 የሚያህለው ቅጠል ለሁለት ትንንሽ ቴሌስኮፖች ይበቃል። የቱቦው አፍ ከውጪ ሲለካ 90 ሚሊሜትር ነው እንበል። ከወፍራም ካርቶን ውጪያቸው 130፣ ቀዳዳቸው 80 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ቀለበት ቁረጡ። ከዚያ ወርዱ 7 ሴንቲሜትር የሆነ የካርቶን ጥብጣብ ቱቦው ላይ ሁለት ሦስት ዙር እያጣበቃችሁ ጠቅልሉ፤ ይህ እጅጌው ነው። ገፋ ሲያደርጉት የሚገባ፣ ቱቦው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ግን በራሱ የማይወድቅ መሆን አለበት። ወርዱን ከ7 ሴንቲሜትር ያሳጠረ ሰው ነፋስ ሲመጣ ይጸጸታል።

ፊልሙን ንጹሕ ሶፍት ላይ ዘርጉት። አንደኛው ቀለበት ላይ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉና ቀለበቱን ከላይ አምጥታችሁ ፊልሙ ላይ አሳርፉት፤ ፊልሙን አንስቶ ቀለበቱ ላይ ማስተካከል መጎተትን ያመጣል። ሁለተኛውን ቀለበት በሌላው ፊት ለጥፉ፣ ትርፉን ቆርጣችሁ እጅጌውን አጣብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊልሙን እንደ ከበሮ ቆዳ ሲወጥረው ነው። ላልቶ ትንሽ ቢሸበሸብ ምስሉ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ሲወጠር ግን ምስሉ ይዛባል፣ ቅቡም ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን በየጊዜው ነው፤ ባለፈው ደህና ነበር ብሎ መዝለል የለም። ፊልተሩን ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ደማቅ አምፖል ፊት ያዙትና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አምፖሉ ጭራሽ ላይታይ ወይም እንደ ደብዛዛ ነጥብ ሊታይ ይችላል። ኮከብ የመሰለ ሹል ብርሃን ወይም ቀጭን መስመር ካያችሁ ቅቡ ተፍቋል ማለት ነው። በተለይ የታጠፈበትን ቦታና ከካርቶኑ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ እዩ። በማርከር ነጥብ የሚደፍኑ አሉ፤ ከዓይን ጋር ሲነጻጸር ፊልሙ ርካሽ ስለሆነ መጣሉ ይሻላል። አቧራውን በጎማ መንፊያ ብቻ አራግፉ። ጨርቅና ጣት አይነካውም፤ በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ያስቀምጥበታል።

አገጣጠሙ ቅደም ተከተል አለው። ቱቦው ከፀሐይ ዞሮ እያለ ክዳኑን አጥልቁ፣ ዙሪያውን በሦስት ቦታ በፕላስተር ከቱቦው ጋር እሰሩ። ቀጥሎ ፋይንደሩ፤ ዋናው ቱቦ ላይ የተጫነችው ትንሿ ማነጣጠሪያ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት። ዋናው ቴሌስኮፕ ተከድኖ ፋይንደሩ ክፍት ከሆነ ውስጡ ያለው የመስቀል ክር ይቀልጣል፣ ያጎነበሰውን ሰው ፀጉርና ልብስ ያቃጥላል፣ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጮልቀው በእሷ ነው። ክደኗት ወይም ፈትታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቷት።

ያለ ፋይንደር ፀሐይን ማግኘት ቀላል ነው። የቱቦውን ጥላ መሬት ላይ ተመልከቱ፤ ጥላው እያጠረ መጥቶ ክብ ሲሆን ቱቦው ፀሐይ ላይ አነጣጥሯል። አይፒሱ 25 ሚሊሜትር ይሁን፤ የትኩረት ርዝመቱ (ከፊት ሌንሱ ምስሉ እስከሚሠራበት ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ 28 ጊዜ ያጎላል፣ መላዋ ፀሐይም ሰፊ ቦታ ተርፏት ትገባለች። ትኩረቱን በፀሐይ ጠርዝ ወይም በነጠብጣቦቹ አስተካክሉ። ጠርዙ እንደ ፈላ ውኃ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የፊልተሩ አይደለም፤ ከአስፋልት፣ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነሣው ሙቀት ነው። ሣር ላይ ትከሉት፣ ጠዋት መሬቱ ሳይግል ተመልከቱ።

የሚታየው የፀሐይ ነጠብጣብ ነው፤ መሀሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ግራጫ። ከቀን ቀን ቦታውን ይቀይራል፤ ፀሐይ ከምድር ስትታይ በ27 ቀን ገደማ ስለምትዞር አንዱ ነጠብጣብ ከጠርዝ ጠርዝ ለመሻገር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ፎቶ ላይ የምታዩዋቸው ከጠርዙ የሚወጡት ቀይ ልሳኖች በዚህ ፊልተር አይታዩም፤ እነሱ የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖሜትር የሆነውን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ሌላ ውድ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

በግርዶሽ ቀን ደግሞ ግርዶሹ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ቀለበታማ ነበር፤ ጨረቃ መሀሏን ሸፍና የፀሐይን ጠርዝ እንደ ቀለበት የምታስቀርበት ማለት ነው። በቀለበታማ ግርዶሽ ፊልተሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነሣም። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ስለምትደምቅ 1 በመቶዋ ብቻ ቢቀር እንኳ 4,000 ሙሉ ጨረቃ ነው። ሰማዩ ጨለም ማለቱ ያታልላል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2 ቀን 2027፣ የሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ ነው። ጥላው በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ አድርጎ የመንን ያቋርጣል፤ ሉክሶር ላይ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከፊል ብቻ ስለሆነ፣ የሐምሌ ደመና ከፈቀደ፣ ፊልተሩ ሳይነሣ ይታያል። ጅዳ ያለ ሰው ፊልተሩን ማንሣት የሚችለው የመጨረሻዋ የብርሃን ፍንጣቂ ከጠፋች በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ፕላስተሮቹን ላላ አድርጉ፤ በጨለማ የፕላስተር ጫፍ በጥፍር መፈለግ ደቂቃ ይበላል። ያነሣችሁትን አሸዋ ላይ አታስቀምጡ፣ ለሰው አታስይዙ። ጠፍጣፋ የብስኩት ቆርቆሮ ከቴሌስኮፑ እግር ሥር ይዘጋጅ፤ በዓመት የቀረው ጊዜ ፊልተሩ የሚኖርበትም ያው ቆርቆሮ ነው። ሰዓት ቆጣሪውን ከጨለማው ርዝመት 30 ሰከንድ አሳጥራችሁ ሙሉት። ሲጮህ ዓይናችሁን ከአይፒሱ አንሡና ክዳኑን መልሱ።