የዱሮ ሳምፕለሮች በሙዚቃ ቅንብር

ሳምፕለር ከሸክላ፣ ከካሴት ወይም ከማይክሮፎን የድምፅ ቁራጭ ቀድቶ የሚይዝ፣ ቁልፉ ሲነካም በተፈለገው የድምፅ ከፍታ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። በ1979 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአውስትራሊያ የወጣው ፌርላይት ሲ ኤም አይ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። በ1984 የመጣው ኤንሶኒክ ሚራዥ ግን በ1,695 ዶላር በመሸጡ ሳምፕለርን ከትልልቅ ስቱዲዮዎች አውጥቶ ተራው ሙዚቀኛ ቤት አስገባው።

እስከ ዛሬ በስም የሚጠሩት ኢሙ ኤስፒ 1200 (1987) እና በአሜሪካዊው የከበሮ ማሽን ፈጣሪ በሮጀር ሊን ንድፍ የተሠራው አካይ ኤምፒሲ 60 (1988) ናቸው። ኤስፒ 1200 ድምፅን በ12 ቢት (እያንዳንዱን ልኬት በ12 ዲጂታል አሃዝ እየመዘገበ)፣ በሰከንድ 26,040 ጊዜ ገደማ እየለካ ይቀዳል፤ የማሽኑ ማስታወሻ (ሜሞሪ) የሚይዘው በጠቅላላ 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ የፈለጉ አቀናባሪዎች የ33 ዙሩን ሸክላ በ45 ዙር አስሩጠው ይቀዱና መሣሪያው ውስጥ ፍጥነቱን መልሰው ያወርዱት ነበር። ሲወርድ ቀድሞ ያልነበረ ሻካራ ድምፅ ይጨመርበታል። መሐንዲሶቹ ጉድለት የሚሉት ይህ ሻካራነት ለከበሮ ድምፅ ክብደት ሰጥቶት የሂፕ ሆፕ መለያ እስከመሆን ደረሰ። የኤምፒሲ 60 ውበት ደግሞ በጣት በሚመቱት 16 ቁልፎቹ፣ ማለትም በፓዶቹና ምቱን በጥቂቱ አዘግይቶ በሚያወዛውዘው ስልቱ ላይ ነው።

ለጅማ ሰው ጉዳዩ ባዕድ አይደለም፤ በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የተጫወታቸው ዜማዎች የሳምፕል ቆራጮች ሲሳይ ሆነዋል፤ አሜሪካዊው ራፐር ናስ እና ጃማይካዊው የሬጌ ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይም የእሱ ሥራ ይሰማል።

ዕቃውን ራሱን ጅማ ላይ ማኖር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ለጃፓን ወይም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ብዙውን ጊዜ የ100 ወይም የ110 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ የከተማዋ ረጅም ዝናብና እርጥበት ደግሞ እነዚህ መሣሪያዎች ድምፅ ለሚያስቀምጡበት ፍሎፒ ዲስክ ጠላት ነው፤ ሻጋታ ያበላሸውን ዲስክ ማስነበብ አይቻልም ማለት ይቀላል። ኤስፒ 1200 በ2021 እንደ አዲስ ተሠርቶ ቢወጣም ዋጋው ለጀማሪ የሚደፈር አይደለም። ላፕቶፕ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ሻካራነቱን አጥጋቢ በሆነ መልኩ ስለሚያስመስሉ፣ ለድምፁ ሲባል ብቻ አሮጌ ዕቃ ፍለጋ ገንዘብ ማፍሰስ አስፈላጊ አይመስልም።

ፕሮግራሙ በራሱ የማይሰጠው የማስታወሻውን የቦታ ጥበት ነው፤ እሱን አቀናባሪው በራሱ ላይ መጣል ይኖርበታል። ክራርን እንውሰድ፦ የአንዱን አውታር ድምፅ ቀድቶ በኪቦርዱ ሁሉ ላይ መዘርጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ማሽኑ በእኩል እርከን እየከፈለ ስለሚያወጣውና ስለሚያወርደው፣ ደርዳሪው በጆሮው ያስተካከለው የአንቺሆዬ ቅኝት ይጠፋል። ስድስቱን አውታሮች ለየብቻቸው በየፓዱ መቅዳት ግን ቅኝቱን እንዳለ ያቆየዋል። ለእያንዳንዱ አውታር አንድ ሰከንድ ቢሰጠው 6 ሰከንድ ይሄዳል፤ ኤስፒ 1200 ላይ ካሉት ስምንት ፓዶች የሚተርፉት ሁለቱ፣ በቀሩት አራት ሰከንዶች፣ ለከበሮው ወፍራምና ቀጭን ምት ይሆናሉ።