የሞንታና የዱር ትራውት፦ ወንዙ፣ አጥማጁና ጋይዱ

ሞንታና በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ያለች፣ በስተሰሜን ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ሰፊ ክፍለ ግዛት ናት። ሰዉ ጥቂት ነው፤ ተራራውና ወንዙ ግን ተቆጥሮ አያልቅም። ማዲሰን፣ የሎውስቶን፣ ብላክፉት፣ ቢግ ሆል፣ ሚዙሪ። ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በላባና በክር በተሠራ የውሸት ነፍሳት ማጥመድ የሚወድ ሰው የትም ዓለም ይኑር፣ የእነዚህን ወንዞች ስም እንደሚደግፈው የኳስ ቡድን ስም ነው የሚጠራው። ምክንያቱ ትራውት ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ የማይኖር፣ ጎኑ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ጥላ ሲያይ የሚሸሽ ጠርጣራ ዓሣ።

የዱር ትራውት የሚባለው እዚያው ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ እዚያው ያደገው ነው። የግድ አገር በቀል መሆን የለበትም። እንዲያውም አጥማጆች ከሚያሳድዷቸው ዓሣዎች አብዛኞቹ መጤ ናቸው። ቡናማው ትራውት እንቁላሉ ከጀርመን በመርከብ ተጭኖ በ1883 ነው አሜሪካ የገባው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሬይንቦው የሚባለው ትራውት ደግሞ መነሻው የፓስፊክ ዳርቻ ወንዞች ናቸው፤ ሞንታና ውስጥ በአብዛኛው በሰው እጅ የተስፋፋ ነው። ነባሮቹ ከመንጋጋው ሥር ቀይ ጭረት ያለው ከትትሮት እና ትልቅ የሚሆነው ቡል ትራውት ናቸው። ቡል ትራውት ከ1999 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ስለሆነ፣ በጥቂት ልዩ ፈቃድ ባላቸው ቦታዎች ካልሆነ በቀር እሱን ብሎ ማጥመድ ክልክል ነው። በስህተት መንጠቆ ላይ ከመጣም ወዲያው ይለቀቃል።

ይህ ዓሣ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ጎጆውን ማየት ይበቃል። ቡናማው ትራውት የሚራባው ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው። ሴቷ በጎኗ ጋደም ብላ በጅራቷ ውሃውን እየመታች ጠጠሩን ትቆፍራለች። ጉድጓዱ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ያዳብረዋል። ከዚያ ከፍ ብላ ሌላ ጠጠር ትቆፍራለች፤ ውሃው የቆፈረችውን ጠጠር ይዞ ወርዶ እንቁላሉን ያለብሰዋል። እንቁላሉ የበረዶውን ወራት በሙሉ እዚያ ተቀብሮ ይከርማል። በጠጠሮቹ መካከል ውሃ እየተመላለሰ ኦክስጅን ካላደረሰለት ይታፈናል። ስለዚህ ደለል ጠጠሩን ከሞላው የዚያ ዓመት ጫጩት አለቀለት። ጎጆው ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው በግልጽ ይለያል፤ ዙሪያው አልጌ የለበሰ ጠቆር ያለ ድንጋይ ሆኖ መሃሉ ላይ ታጥቦ የተሰጣ የሚመስል ነጣ ያለ የጠጠር መደብ ነው። ጎበዝ ጋይድ (አጥማጅን በክፍያ ወንዝ ላይ የሚመራ ሰው) በዚያ ወቅት ደንበኛውን ውሃ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ይህን ነው የሚያሳየው። አንድ የቦት ጫማ እርግጫ ብዙ እንቁላል ይጨርሳልና።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። ለብዙ ዘመን ዓሣ ሲያንስ መፍትሔው አንድ ነበር። በማራቢያ ጣቢያ አሳድጎ፣ በመኪና ጭኖ አምጥቶ ወንዝ ውስጥ መድፋት። አጥማጁ ይደሰታል፣ ባለሥልጣኑም ሥራ ሠራሁ ይላል። የሚከራከር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ ዲክ ቪንሰንት የተባሉ የክፍለ ግዛቱ የዓሣ ባለሙያ በማዲሰን ወንዝና ኦዴል ክሪክ በሚባል ጅረት ላይ ዓሣ መቁጠር ጀመሩ። አቆጣጠሩ ራሱ ደስ ይላል። ውሃው ውስጥ መጠኑ የተመጠነ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ዓሣው ለአፍታ ይፈዛል፤ በመረብ ተነስቶ ይለካል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ተመልሶ ይለቀቃል። በሚቀጥለው ዙር ምልክት ካለባቸውና ከሌለባቸው ተነስቶ ጠቅላላው ቁጥር ይሰላል።

ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ዓሣ መጨመር በቆመበት የማዲሰን ክፍል የዱሩ ትራውት ቁጥር አሻቀበ። ቀድሞ ምንም ባልተጨመረበትና አሁን መጨመር በተጀመረበት ኦዴል ክሪክ ደግሞ የዱሩ ቀነሰ። ትራውት በወንዝ ውስጥ ተራ አለው፤ ትልቁ ጥሩውን ቦታ ይይዛል፣ ሌላው በየደረጃው ይሰለፋል። ከማራቢያ የመጡት በመቶዎች ሆነው በአንዴ ሲዘረገፉ ያ ሥርዓት ይፈርሳል። መጋፋት ብቻ ይሆናል። የዱሩ ጉልበቱን በጠብ ይጨርሳል፣ የማራቢያዎቹም በኩሬ እየተመገቡ ስላደጉ የወንዙን ኑሮ አይችሉትም፤ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጥናቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጣ። የሱቅና የሎጅ ባለቤቶች ገበያችን ሊሞት ነው ብለው ጮኹ። ግን በ1974 ሞንታና የዱር ትራውት ባለባቸው ወንዞችና ጅረቶች ላይ ዓሣ መጨመር አቆመች። ሐይቆች ላይ አሁንም ይጨመራል፤ ወንዙ ግን ለራሱ ተተወ። ገበያውም አልሞተም። ጭራሽ ደራ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚህ የበለጠ ርካሽና ብልህ የጥበቃ ውሳኔ ብዙ አይገኝም። ሐሳቡ ግን ከሞንታና ብቻ የተነሳ አይደለም። በ1959 ሚሺጋን ውስጥ፣ በኦሳብል ወንዝ ዳር የተሰበሰቡ አጥማጆች በየማራቢያው በሚመረተው ዓሣ ተማርረው ትራውት አንሊሚትድ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ወንዙን ተንከባከቡት፣ ዓሣው ራሱን ይችላል ነበር ያሉት። ዛሬ ማኅበሩ በመላው አሜሪካ ቅርንጫፎች አሉት።

ወንዙን መንከባከብ ሲባል ወሬው ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ጭቃና ድርድር ነው። የከብት መንጋ የወንዙን ዳር ሲረግጠው አፈሩ ይናዳል፣ ጥላ የሚሰጠው የአኻያ ቁጥቋጦ ይጠፋል፣ ውሃው ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ይሞቃል። ሞቅ ያለ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። መፍትሔው አጥር ማጠርና ለከብቱ ሌላ የውሃ መጠጫ ማዘጋጀት ነው። ከመንገድ ሥር የተቀበረ ቱቦ አፉ ከውሃው ከፍ ብሎ ከቀረ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ መራባት አይችልም፤ ቱቦው በድልድይ ይተካል። የመስኖ ቦይ ዓሣውን እየጠለፈ ማሳ ላይ እንዳይጥለው ወንፊት ይገጠምለታል። ከሁሉ ከባዱ የውሃ መብት ነው። በምዕራብ አሜሪካ ሕግ ቀድሞ ውሃውን የተጠቀመ ቀዳሚ መብት አለው፤ አንዳንድ ገበሬ መብቱ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ ጅረቱን በሕግ ማድረቅ ይችላል። ደግነቱ ሞንታና ውስጥ ውሃውን ወንዙ ውስጥ ለማቆየት መከራየት ይፈቀዳል። ገበሬው ገንዘብ ያገኛል፣ ዓሣው ውሃ ያገኛል።

ብላክፉት የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማዕድን፣ እንጨት ቆረጣና ግጦሽ ተባብረው ያደከሙት ወንዝ ነበር። ከብት አርቢዎቹ፣ አጥማጆቹና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በ1993 ብላክፉት ቻሌንጅ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከአርቢው ጋር ሳይጣሉ፣ እርሻ በእርሻ፣ ጅረት በጅረት እያሉ ሠሩ። ወንዙ ከክላርክ ፎርክ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ የሚልታውን ግድብ ነበር። ግድቡ በ1908 እንደተሠራ ወዲያው ትልቅ ጎርፍ መጣና ከላይ ካሉት የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች ዝቃጩን ጠራርጎ ከግድቡ ጀርባ ከመረው። በ1981 በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ አርሰኒክ ተገኘ። ከረጅም ክርክር በኋላ ግድቡ በ2008 ተሰብሮ ውሃው ተለቀቀ፤ ዓሣውም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ መንገዱ ተለቀቀለት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ወንዙ አደጋ አይለየውም። በ1994 ማዲሰን ላይ በዓሣ ጫጩቶች አጥንት ላይ ጉዳት የሚያደርስ፣ ዓሣውን ጅራቱን እያሳደደ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ጥገኛ ተሕዋስ መኖሩ ታወቀ። በወንዙ ላይኛው ክፍል የሬይንቦው ቁጥር በ90 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር። በዚያው ዓመት የሎውስቶን ሐይቅ ውስጥ ማን እንዳስገባው ያልታወቀ ሌክ ትራውት የሚባል ዓሣ ተገኘ፤ ነባሩን ከትትሮት እየበላ አመናመነው። ከዚያ ወዲህ በመረብ ሚሊዮኖች ተጠርገው ወጥተዋል፣ ዘመቻው አሁንም አልቆመም። በኅዳር 2021 መጨረሻ ደግሞ በማዲሰን ላይ ያለው የሄብገን ግድብ መዝጊያ ዕቃ ተሰበረና የወንዙ ውሃ ባንዴ ጎደለ። ቡናማዎቹ እንቁላል የጣሉበት ወቅት ነበር። ሰፈርተኛው፣ ጋይዱ፣ የሱቁ ሠራተኛ ሁሉ ባልዲ እየያዘ ወጥቶ ኩሬ ውስጥ የቀሩትን ዓሣዎች እየለቀመ ወደ ዋናው ውሃ መለሰ።

ጋይድ ከዚህ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። በነሐሴ 2016 የሎውስቶን ወንዝ ላይ በጥገኛ ተሕዋስ የተነሳ በሺዎች የሚቆጠር ዓሣ ሲያልቅ 183 ማይል፣ ማለትም 295 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ ለማንኛውም መዝናኛ ተዘጋ። ጀልባ የለ፣ ዋና የለ፣ ማጥመድ የለ። ወቅቱ ሥራ የሚደራበት ነበርና ጋይዶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ወንዝ ሲታመም መጀመሪያ ኪሱ የሚሳሳው ጋይዱ ነው። ብዙዎቹ በየስብሰባው ላይ ስለ ውሃ ሲሟገቱ የምታዩዋቸው ለዚህ ነው።

ጉዞው ራሱ እንዴት ነው? ሞንታና ውስጥ ማንም ተነስቶ ጋይድ ነኝ ማለት አይችልም። የጉዞ አዘጋጁ የክፍለ ግዛት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ጋይዱም በእሱ ሥር የሚሠራ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የቀን ሙሉ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሰው በአንድ ጀልባ ነው፤ ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ጉርሻ ሳይጨመር። ውድ ነው፤ መካድ አይቻልም። ጀልባዋ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጫፍና ጫፏ ቀና ያለ የመቅዘፊያ ጀልባ ናት። አንዱ አጥማጅ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ጋይዱ መሃል ተቀምጦ ይቀዝፋል። አቀዛዘፉ ወደ ፊት ለመሄድ አይደለም፤ ጀልባዋ ከወንዙ ፍጥነት ቀስ እንድትል ወደ ኋላ መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ። ከሁሉም የሚደክመው እሱ ነው።

ፍላይ ፊሺንግ ከተራው አጠማመድ የሚለየው በክብደት ነው። በተራው አጠማመድ ከጫፍ ያለው ማባበያ ከባድ ስለሆነ ክሩን ይዞት ይሄዳል። እዚህ ግን ጫፉ ላይ ያለችው በላባና በክር የተሠራች የውሸት ነፍሳት ምንም ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ እሷ ተከትላው ትሄዳለች። ጀማሪ ሁሉ በጉልበት ሊወረውር ይሞክራል፤ ነገሩ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ፣ ቆም፣ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ጠብቆ ወደ ፊት። ነፍሳቷ ውሃ ላይ ካረፈች በኋላ ደግሞ ወንዙ እንደሚወስዳት ተራ ነፍሳት መንሳፈፍ አለባት። ክሩ ከጎተታትና ከኋላዋ መስመር ከሠራች ትራውቱ አይነካትም። ጋይዱ ቀኑን ሙሉ ክሩን ወደ ላይ መልስ፣ መልስ የሚለው ለዚህ ነው።

ጥሩ ጋይድ ድንጋይ ይገለብጣል። ከሥሩ የተጣበቁትን እጮች አይቶ ዓሣው ዛሬ ምን እየበላ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው በታች ነውና። ሰኔ አካባቢ ሳልሞንፍላይ የሚባለው፣ እጩ ሦስትና አራት ዓመት ውሃ ውስጥ ያደገ፣ ብርቱካናማ ሆድ ያለው ትልቅ ነፍሳት ይወጣል። ያኔ ዓሣውም ሰዉም ያብዳል።

ዓሣው ሲያዝ አብዛኛው ሰው ይለቀዋል። አለቃቀቁ ግን ካልታወቀበት የለቀቁት ዓሣ ከታች ሄዶ ይሞታል። መንጠቆው የጎን ሹል የሌለው ቢሆን ይሻላል። እጅ ቀድሞ ይርጠብ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን መከላከያ ልጋግ ይገፈዋል። ፎቶ ካስፈለገ ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ፤ ካሜራው ሲዘጋጅ ለአፍታ ብቅ ይበል፣ ይበቃዋል። አቅፎ ረጅም የፎቶ ፕሮግራም መሥራት ግን፣ በትሕትና ልናገር፣ ነውር ነው።

በበጋ ሙቀት ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። የውሃው ሙቀት በተለምዶ ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከደረሰ፣ ክፍለ ግዛቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለክል ይችላል። ጋይዱ ያኔ ገና ጎህ ሲቀድ ያስነሳችኋል። ክልከላው ባይወጣም ውሃው ሲሞቅ ቴርሞሜትሩን ነክሮ አይቶ በቃ፣ እንውጣ የሚል ጋይድ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ጉዞ ስትይዙ ውሃው ቢሞቅ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ዓሣ ብዛት ብቻ ከሚያወራው ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ያለው ይሻላል። ቦት ጫማችሁንም አጥባችሁና አድርቃችሁ ሂዱ፤ ባዕድ ቀንድ አውጣና አልጌ ከወንዝ ወደ ወንዝ በጫማም ይዛመታል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሶሉ ፌልት ከሚባል የተጠቀጠቀ ጨርቅ የተሠራ ጫማ ጭራሽ ከልክሏል።

ጋይዶች ሁሉ ግን የወንዝ ጠባቂ ናቸው ማለት አይደለም። ማዲሰን ላይ በበጋ ጀልባ በጀልባ ላይ ነው። በንግድ ጉዞ ብዛት ላይ ገደብ ይጣል አይጣል የሚለው ክርክር ለዓመታት ያጨቃጨቀ ነው፤ የአገሬው አጥማጅ በወንዛችን መድረሻ አጣን ይላል። የሞንታና የ1985 ሕግ ለማንም ሰው ወንዙ ውስጥ እስከ መደበኛው የሙላት መስመር ድረስ መንቀሳቀስ ይፈቅዳል፣ ዳሩ የግል መሬት ቢሆን እንኳ። በጣም ጥሩ ሕግ ነው፤ መጨናነቁ ደግሞ የራሱ መዘዝ ነው።

ገደብ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ስሚዝ ወንዝን ይመልከት። ከካምፕ ቤከር እስከ ኢደን ድልድይ 59 ማይል፣ 95 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በገደል መሃል የሚሄድ ወንዝ ነው። መሃል ላይ ለሕዝብ የተፈቀደ መውጫ የለም፤ የገባ ሰው አራት አምስት ቀን ድንኳን እየተከለ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። ለመግባት ዕጣ መጣል ግዴታ ነው፤ ዕጣው ያልወጣለት ፈቃድ ካለው አዘጋጅ ጋር መሄድ ይችላል፣ እሱም ቦታው ውስን ነው። ዕጣ የወጣለትም ቢሆን ቀኑ ከሐምሌ ገፋ ካለ ችግር አለ፤ ላይኛው አካባቢ ውሃው ለመስኖ ስለሚሳብ በደረቅ ዓመት ወንዙ ጀልባ ማንሳፈፍ እስኪያቅተው ይጎድላል፤ ያኔ ጉዞውን መሰረዝ ወይም ጀልባውን ድንጋይ ለድንጋይ መጎተት ነው።