ሕፃን ይዞ ረጅም በረራ፦ ከቦሌ ለሚነሱ ቤተሰቦች የመቀመጫ ምርጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቶሮንቶ፣ ወደ ለንደን ወይም ወደ ጓንዡ የሚጓዝ ቤተሰብ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለው ሦስት መንገድ አለው፦ ሕፃኑን ታቅፎ መሄድ፣ ከፊተኛው ረድፍ ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን የሕፃን አልጋ መጠየቅ፣ ወይም ለሕፃኑ የራሱን መቀመጫ መግዛት። ሦስቱ ጎን ለጎን እንደ አማራጭ ቢነገሩም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። አልጋው የሚያገለግለው አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ አልጋ ያገኘ ቤተሰብም ሲነሳና ሲያርፍ ሕፃኑን መታቀፉ አይቀርም። ይህን ሳያውቁ ቲኬት የሚቆርጡ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው የሚነሳው ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲመዘን ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የፊት ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ተይዟል።

ቲኬት ሲቆረጥ

በመሀል ከተማ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በብሔራዊ ቲያትርና በስታዲየም ዙሪያ ወደሚገኙ የጉዞ ወኪሎች ሕፃን ይዘው የሚመጡ ደንበኞች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከውጭ አገር መጥተው ልጃቸውን ክርስትና አስነስተው የሚመለሱ አሉ፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ የመመለሻው ቀን የሚቆረጠው ከዚያ ተነስቶ ነው። የልጅ ልጃቸውን ለማድረስ የሚሄዱ አያቶች አሉ። ባሏ ቀድሟት ሄዶ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን የምትከተል እናትም አለች።

ቲኬት ቆራጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልደት ቀን ነው። አንዲት አያት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው «እማማ፣ ልጁ መቼ ነው የተወለደው?» ሲባሉ «የዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ በዕንቁጣጣሽ» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። መልሱ ለቤት ይበቃል፤ ለአየር መንገድ ግን አይበቃም። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ተብሎ ነው፤ ሁለተኛው ዕንቁጣጣሽ ግን የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። በቤት ልደቱ ተከብሮ አየር መንገዱ ዘንድ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ማለት ነው። እዚህ ላይ የአንድ ቀን ልዩነት የአንድ መቀመጫ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ዕድሜው የሚቆጠረው ቲኬቱ በተገዛበት ቀን ሳይሆን በሚበርበት ቀን ነው። ሲሄድ ታቅፎ የሄደ ልጅ እዚያ እያለ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመልሱ መቀመጫ ይገዛለታል።

በእቅፍ የሚሄድ ሕፃን በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 ከመቶ ያህል ነው። መቀመጫ ባይኖረውም ስሙ የተጻፈበት ቲኬትና የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። አየር መንገዶች ገና የተወለደ ሕፃን አያሳፍሩም፤ ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እንዲሞላው ይጠይቃሉ።

በእቅፍ

አንድ አዋቂ ሊታቀፍ የሚችለው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። መንታ ይዛ ብቻዋን የምትጓዝ እናት ለአንደኛው መቀመጫ መግዛት ግድ ይላታል። ሁለት ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ሊከለከሉ ይችላሉ። ይህ ብዙ ቤተሰብ የሚያስቆጣ ክልከላ ቢሆንም ምክንያቱ ከራስ በላይ ተደብቋል፦ ሦስት መቀመጫ ባለበት ረድፍ ጣሪያ ውስጥ በአብዛኛው አራት የኦክስጅን ጭምብል ነው ያለው። አራተኛው ለአንድ ሕፃን ነው፤ ለሁለተኛው የለም። አስተናጋጇ «እባክዎ ወደ ሌላ ረድፍ ይዛወሩ» ስትል ይህን እያሰበች ነው።

አንቀልባ በአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ የሕፃን ማረፊያ ነው፤ ሕፃን በጀርባ ታዝሎ ይተኛል፣ እናትም ሁለት እጇ ይፈታላታል። አውሮፕላን ውስጥ ግን አዝሎ መቀመጥ አይቻልም። ደረት ላይ በሚታሰር መያዣም ቢሆን ብዙ አየር መንገዶች ሲነሱና ሲያርፉ እንዲፈታ ያዝዛሉ። በሩ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ልጇ ጀርባዋ ላይ የተኛላት እናት መቀመጫዋ ጋ ስትደርስ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ሰው እየጠበቃት፣ ማሰሪያውን ፈትታ ልጁን በብብቷ ሥር ወደ ፊት ታዞረዋለች፤ ልጁም ያን ጊዜ ይነቃል። አንቀልባውን መሳፈሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀድሞ መፍታት ይሻላል። ሰማይ ላይ ከተረጋጉ በኋላ በመተላለፊያው እያዘሉ መመላለስ የሚከለክል ብዙም የለም፤ እሹሩሩ እያሉ ሕፃን ለማስተኛት ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

የቀበቶው ጉዳይ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ደንብ በእቅፍ ያለ ሕፃን ከወላጁ ቀበቶ ጋር በሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ መታሰር አለበት፤ ልጁ ከእጅ አምልጦ እንዳይወረወር ነው። በአሜሪካ ደንብ ይኸው ቀበቶ አውሮፕላኑ ሲንደረደር፣ ሲነሳና ሲያርፍ አይፈቀድም፤ ወላጁ ወደ ፊት ሲታጠፍ ሕፃኑን በሰውነቱ ይጨፈልቀዋል ከሚል ስጋት ነው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ባይስማሙም አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ የእናት ክንድ፣ የቱንም ያህል ብትወድ፣ አውሮፕላን በድንገት ሲናጥ ዘጠኝ ኪሎ ልጅ ይዞ ለማቆየት አይበቃም።

ይህ በተግባር የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 ነው። የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ሲከሰከስ በእቅፍ የነበሩ አራት ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ዘመን መመሪያ መሠረት ወላጆች ልጆቻቸውን እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ እንዲያስተኙ ተነገራቸው፤ አንዱ ሕፃን ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ መቀመጫ ይኑረው ሲል ደጋግሞ ጠይቋል። የአቪዬሽን አስተዳደሩ ምክሩን ቢደግፍም ግዴታ አላደረገውም፤ ዋጋው ሲከብዳቸው ቤተሰቦች በመኪና መሄድ ይጀምራሉ፣ መንገዱ ደግሞ ከሰማይ ይልቅ ብዙ ሰው ይገድላል የሚል ነው ክርክሩ። ክርክሩ ለአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዞ ልክ ሊሆን ይችላል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ግን በመኪና የሚሄድ የለም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ የሚቀረው ጥያቄ አቅም ብቻ ነው፤ አቅሙ ያለው ቤተሰብ መቀመጫ ቢገዛ እመክራለሁ።

አልጋው

የሕፃን አልጋ ያለው ከክፍል መለያ ግድግዳ ፊት ባሉት መቀመጫዎች ላይ ብቻ ነው። የቀበቶ መብራት ሲጠፋ አስተናጋጇ አልጋውን አምጥታ ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ ግድግዳው ላይ ባሉት መያዣዎች ትገጥመዋለች፤ አንዴ በእጇ ጫን ብላ መያዙን ታረጋግጣለች። እናቶች ነጠላ አጥፈው ያነጥፉበታል። ሕፃኑ በላዩ ማሰሪያ ይታሰራል።

የክብደት ወሰኑ እንደ አየር መንገዱ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ብዙ ወላጅ የሚረሳው ቁመቱን ነው። ወሰኑ 11 ኪሎና 75 ሴንቲ ሜትር በሆነበት አየር መንገድ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ክብደቱ ገና ሳያልፍ እግሩ ይወጣል፤ በዚያ ዕድሜ የልጅ ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና። ተደግፎ መቆም የጀመረ ልጅም አልጋ ውስጥ አይቀመጥም። በእኔ ግምት አልጋው ወርቅ የሚሆነው እስከ ስምንት ወር ድረስ ነው።

የቀበቶ መብራት በበራ ቁጥር ሕፃኑ ከአልጋው መነሳት አለበት። በአንድ የሌሊት በረራ ላይ ከጎኔ የነበረች እናት የተኛ ልጇን ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስት ጊዜ አስተኛች፤ በሦስተኛው እሷም አለቀሰች። የሚያጽናናት ቃል አላገኘሁም፤ ጋቢዬን ሰጠኋት፣ ልጁን በእሱ ጠቅልላ እስኪነጋ ታቅፋው ተቀመጠች።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄዱ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ የሞላ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ጭነቱን ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ምዕራብ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ በተለያየ ጊዜ ማረፊያዎቹ ሆነዋል። መልሱ ግን ከዋሽንግተን ያለማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ ነው። እናም ሲሄዱ ሁለት ጊዜ መነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማረፍ አለ፤ ሕፃኑም ቢያንስ አንድ ጊዜ በእንቅልፍ መሀል ከአልጋው ይነሳል። የአልጋው ጥቅም ከመሄጃው ይልቅ በመመለሻው ይበልጣል።

የፊት ረድፍ የራሱ ችግር አለው። ከፊት መቀመጫ ስለሌለ የእጅ ቦርሳ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ዳይፐሩም ጡጦውም ሲነሳና ሲያርፍ ከላይ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የምግብ ጠረጴዛው ከእጅ መደገፊያው ውስጥ ስለሚወጣ መደገፊያው አይነሳም፤ ሦስት ባዶ መቀመጫ ቢገኝ እንኳ ልጅን አጋድሞ ማስተኛት አይቻልም። ለእግር ግን ሰፊ ነው፤ ቆሞ ልብስ ለመቀየር ይመቻል። አልጋው ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቲኬቱ በተቆረጠ ዕለት መጠየቅ፣ ከበረራው ሁለት ቀን ቀደም ብሎም ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የራሱ መቀመጫ

ለሕፃን መቀመጫ ሲገዛ የሚከፈለው ከሁለት እስከ 11 ዓመት ላሉት የሚሰላው የልጅ ዋጋ ነው። መቀመጫው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሕፃን በአዋቂ ቀበቶ አይታሰርም። የመኪና የሕፃን መቀመጫ ይዞ መግባት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በግል መኪናም በታክሲም የሕፃን መቀመጫ ማየት ብርቅ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ስለ እሱ የሚሰማው የሚሄድበት አገር ያለው ዘመድ ሲነግረው ነው። እዚያ ሲደርስ ከአየር ማረፊያ በመኪና ለመውጣት በሕግ ስለሚጠየቅ አስቀድሞ መግዛቱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

መቀመጫው ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ አሜሪካ የተሠራው ላይ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ወርዱ 41 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ከሆነ በአብዛኛው የኢኮኖሚ መቀመጫ ይገባል። የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት በኩል ነው፤ ሌላ ተሳፋሪ በአደጋ ጊዜ ሲወጣ እንዳያሰናክል። በአደጋ መውጫ ረድፍ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ራሱን ችሎ ለሚቀመጥ ልጅ ኬርስ የሚባል ከመቀመጫው ጀርባ ጋር የሚያያዝ የትከሻ ማሰሪያ አለ፤ ቀላልና ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነው። አየር መንገዱ መፍቀዱን ግን ቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ቁመት ለመጨመር ብቻ የሚያገለግለው ጀርባ የሌለው መቀመጫ አይፈቀድም።

መቀመጫ መግዛት ለማይችል ባልና ሚስት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። በሦስት መቀመጫ ረድፍ የመስኮቱንና የመተላለፊያውን ይዞ መሀሉን ክፍት መተው ነው። በረራው ካልሞላ መሀሉ ባዶ ይቀራል፤ ከሞላ ደግሞ የመጣው ሰው መስኮቱን ሲሰጡት ደስ ብሎት ይቀይራል። ብቻዋን ለምትጓዝ እናት ግን መተላለፊያው ዳር ይሻላታል። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ጉልበት እየተሻገሩ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ከመስኮት ውበት ይበልጥ ያደክማል።

ጆሮና ከፍታ

ሕፃን ጆሮው ሲደፈን ያለቅሳል፤ ስለዚህ ጡት ወይም ጡጦ ይሰጠው ይባላል። መቼ የሚለው ግን ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ይለያል። የቦይንግ 787 እና የኤርባስ 350 የውስጥ አየር አውሮፕላኑ በጣም ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል። ይህ ከቦሌ ያንሳል፤ ፒያሳማ ከቦሌም ትበልጣለች። የፒያሳ ሕፃን ወደ ሰማይ ሲወጣ ጆሮው የሚያውቀው ወደ ቆላ እንደ መውረድ ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሊያርፍ ሲል ደግሞ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ጡት የሚያስፈልገውም አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር፣ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሲመለስ ግን ቦሌ ሲቃረብ የውስጡ አየር ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ይወጣል፤ ይህ ለጆሮ ቀላል ስለሆነ ሕፃኑ አንዳንድ ጊዜ ሳይነቃ ያርፋል።